ለድንች ያልተሰጠ ቤት

ጌጤ ጉናን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻገረችው በሐምሌ ነው። ገና ልጅ ነበረች። አባቷ ከተራራው ማዶ፣ እስቴ በኩል ላለ አንድ ባለ ብዙ ጥማድ ሰው ድረዋት፣ ክረምቱ እንኳ ሳይጋመስ ከሰውየው ቤት ወጣች። በዋናው መንገድ ብትሄድ በፈረስ ደርሰውባት እንደሚመልሷት ስላወቀች ሽቅብ ወደ ተራራው ያዘች። ጭጋግ ነበር። በረዶ ወረደባት፤ ከአንድ ትልቅ የጅብራ ተክል ሥር ተጠልላ አሳለፈችው። ወዲህ ማዶ ፋርጣ፣ አባቷ ደጅ ስትደርስ እግሯ ቆስሎ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። አባቷ ሽማግሌ ይዘው መለሷት። እሷም በነሐሴ እንደገና ተሻገረች። በዚህኛው ጊዜ ሽማግሎቹ ተሰብስበው ሲቆጧት ዝም ብላ ሰማቻቸውና፣ “መልሱኝ፤ መንገዱን ለምጄዋለሁ” አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ የመለሳት የለም።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። በኋላ ጌጤ የወደደችውን አገባች፤ ሙላቴን። ሙላቴ ደግ ሰው ነው፤ እርሻም ያውቅበታል፤ ጠብ ግን ይፈራል። ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲነጋገሩ ካየ መንገድ ይቀይራል። ጎረቤቶቻቸው እሳትና ውሃ በአንድ ጣራ እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ልጆች ወለዱ፣ ልጆቹም አድገው የየራሳቸውን ኑሮ ያዙ፤ ባልና ሚስቱ ከጉና ግርጌ፣ ከክምር ድንጋይ ከተማ በላይ ባለችው መንደራቸው ገብስና ድንች እየዘሩ ቀሩ።

ሎጁ የተሠራው ከዚያችው መንደር ራስጌ ነው። ከውጭ የመጣ አንድ ድርጅት ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ማረፊያ እንሥራ ሲል መንደርተኛው በማኅበር ተደራጀ። ድንጋዩን ወንዶቹ ፈለጡት፤ ሴቶቹ በጀርባቸው አመላለሱት። አንድ ሰፊ የመመገቢያ አዳራሽ፣ ከጎኑ ማድ ቤት፣ ከበስተኋላ ጥቂት የማደሪያ ጎጆዎች ተሠሩ። አዳራሹ መሐል ላይ ትልቅ የድንጋይ ምድጃ አለው። በመስኮቱ ሲመለከቱ ከታች ወደ ጉማራ ወንዝ የሚወርደው ሸለቆ፣ ከላይ የጓሳ ሣር የለበሰው ተረተር ይታያል። እንዲህ ያለ ቤት በአካባቢው ታይቶ አይታወቅም ነበርና መንደርተኛው እሑድ እሑድ እየመጣ በመስኮቱ መስታወት ፊቱን ያይ ነበር።

ጌጤ የሎጁ ወጥ ቤት ሆነች። የፈረንጅ ሆድ በርበሬ አይችልም ተብላ ሾርባና ፓስታ አሠራር ተማረች። ሠራችም፤ እንግዶቹም አመሰገኗት። ልቧ ግን አልተቀበለውም። ሰው ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲወጣ ውሎ፣ መጨረሻ ላይ የሚቀርብለት የገዛ አገሩ ምግብ መሆኑ አይገባትም ነበር። አንድ ቀን የገብስ ቂጣ በተልባ ለውሳ፣ ከጦስኝ ሻይ ጋር አቀረበችላቸው። ሳህኑን በጣታቸው ጠርገው በሉ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ጥላዬ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ፤ እንግዳ ቢታመም ማን ይጠየቃል አሉ። አቶ ጥላዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ንግግር የሚያውቁ፣ በመንደሩ የሚከበሩ፣ ድንጋዩን ሲፈልጡም ከፊት የነበሩ ሰው ናቸው። ነገር ግን አንዴ “እንዲህ ነው” ካሉ በኋላ እንዲህ ካልሆነ አይተኙም።

አቶ ጥላዬ እንዲህ ነው ካሏቸው ነገሮች አንዱ ሎጁ በክረምት የሚዘጋ መሆኑ ነበር። ጉና ላይ በክረምት የሚወጣ ሰው የለም፤ ቱሪስት ጥቅምት ይመጣል፣ የካቲት ይሄዳል። ጌጤ ይህንንም አልተቀበለችውም። ተራራው በሐምሌ ያለውን መልክ አይታዋለችና። ምንጩ ሁሉ ይፈነዳል፣ ጓሳው ይለመልማል፣ ደመናው ሲገለጥ አገሩ እስከ ጣና ድረስ እንደ ታጠበ ጨርቅ ተዘርግቶ ይታያል። በጥቅምት መጥተው አቧራና ደረቅ ሣር ለሚያዩት ታዝንላቸው ነበር።

ከዚያ ዓለሙን ሁሉ የዘጋው በሽታ መጣና ቱሪስቱ ቀረ። በሽታው ሲያልፍ መንገዱ እክል አበዛ። ሎጁ በጥቅምትም በክረምትም ዝግ ሆነ። ሸረሪት አደራበት፤ ከማደሪያዎቹ የአንዱን ክዳን ነፋስ ወሰደው። ቁልፉ ጌጤ ዘንድ ነበርና አልፎ አልፎ እየከፈተች ትጠርገዋለች፤ ምድጃው እንዳይረጥብ እሳት ታነድበታለች። ለምን ትደክሚያለሽ ይሏታል። መጥረጓን ትቀጥላለች።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው ዓመት በሐምሌ፣ ደብረ ታቦር ገበያ ላይ ነው። ጌጤ ነጭ ሽንኩርቷን ሸጣ ነጠላ ልትገዛ የዱሮ ደንበኛዋ ነጅሚያ ሱቅ ገባች። ነጅሚያ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ሳቋ ከሦስት ሱቅ ወዲያ የሚሰማ ሴት። በዚያን ቀን ግን አልሳቀችም። ስኳር ተገኝቶባት ሐኪሙ በእግር ሂጂ ብሏት፣ ከሰፈሯ ሴቶች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማውን መዞር ጀምረው ነበር። ሰልችቷታል። ሰው ሁሉ ወዴት ነው እያለ ይጠይቃቸዋል፤ የባለሱቆቹ ወንዶች በር ላይ ቆመው ይስቁባቸዋል።

“ከተማውን ዞሬ ዞሬ፣ እትዬ ጌጤ፣ ውሻው ሁሉ አውቆኝ መጮህ ተወ” አለች።

“ጉና ነይ” አለቻት ጌጤ።

“በክረምት?”

“በክረምት። አስወጥቼሽ፣ አብልቼሽ፣ አወርድሻለሁ።”

ነጅሚያ ጨርቁን ማጠፏን ትታ አየቻት። ወዲያው ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። ከሴቶቹ ገሚሶቹ ክርስቲያን ገሚሶቹ ሙስሊም ናቸው፤ አብረው ይሄዳሉ፤ ምግብ ላይ ሲደርስ ግን ይለያያሉ፤ ሥጋ ያለበት ገበታ አያገናኛቸውም። ጌጤ ይህን ስትሰማ ሳቀች። መጪው ፍልሰታ ነው፤ በፍልሰታ ሥጋም ቅቤም ከማድ ቤቷ አይደርስም፤ ሁላቸውም ከአንድ ገበታ ይበላሉ አለቻት። ነጅሚያ እስከ ሦስት ሱቅ ወዲያ የሚሰማውን ሳቋን ሳቀችና እጇን ዘረጋች። ከቡሄ በፊት ባለው ቅዳሜ ሊመጡ ተስማሙ።

ጌጤ መንደር ስትመለስ የጠበቃት ሌላ ወሬ ነው። አቶ ጥላዬ ሎጁን በላይነህ ለሚባል የድንች ነጋዴ ሊያከራዩት ተስማምተዋል። በላይነህ ከገበሬው በክረምት የሰበሰበውን ድንች ገበያው እስኪሻሻል የሚያከማችበት ቀዝቃዛ ቤት ይፈልግ ነበር፤ ከሎጁ የቀዘቀዘ ቤት ደግሞ የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ተሰበሰበ። አቶ ጥላዬ በሚያምረው ንግግራቸው ነገሩን አስረዱ። ባዶ ቤት ይፈርሳል፤ ድንች ያለበት ቤት ግን ባለቤት አለው። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ጌጤ ዞረው ቁልፉን ጠየቁ።

ጌጤ ተነሳችና እንግዳ እንዳላት ተናገረች። ከደብረ ታቦር የሚመጡ ሴቶች ጉና ወጥተው ሎጁ ውስጥ ምሳ ሊበሉ ቀን ቆርጠዋል አለች።  ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው ተከተለው፣ ጉባኤው በሙሉ ሳቀ። የከተማ ሴት፣ በነሐሴ፣ ጉና።

አቶ ጥላዬ አልሳቁም። “ሐምሌ ቢበራ በጋ ይመስላል” አሉ። “አንዲት ነጋዴ እመጣለሁ ብትልሽ የማኅበሩን ጥቅም አናስቀርም። ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል።”

“አልቋል እንጂ፣ አያ ጥላዬ” አለች ጌጤ። “ቤቱ በወንድ እጅ አልቋል፤ ሄደው ክዳኑን ይዩት። አሁን ደግሞ ሴት ትጀምረው።”

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ቁልፉን ሳትሰጥ ወደ ቤቷ ሄደች። ከኋላዋ ጫጫታ ሲነሳ ሰማች፤ ዞር አላለችም።  በዚህ ዕድሜዋ፣ ከጉባኤ ፊት፣ በስም ጠርታ ሊቀ መንበሩን መመለሷ ለራሷም አስደንግጧታል። ቤቷ ስትደርስ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

ሙላቴ ዘግይቶ መጣ። ሰዎቹ ይዘውት ቆይተው ነበር፤ ሚስትህን ምከራት ብለውታል። በሬዎቹን አሰረ፣ ሣር ሰጣቸው፣ እጁን ታጠበ፤ ከዚያ ሌላ የሚያዘገየው ነገር ሲያጣ አጠገቧ ተቀመጠ። ቁልፉን ብትሰጫቸው ምናለበት አላት። ሰው ሁሉ ይጠላናል፤ ደቦ ስንጠራ የሚመጣ አይኖርም፤ ብቻችንን እንቀራለን። ጌጤ አልተቆጣችውም። ሙላቴ ፈሪ ስለሆነ ሳይሆን ሰላም ስለሚወድ እንደሚናገር ታውቃለች።

“እኔ ያንን ድንጋይ በጀርባዬ ሳመላልስ ለድንች ብዬ አልነበረም” አለችው። “ቁልፉን የፈለገ ከእጄ ይውሰደው። ከእጄ መውሰድ ካልቻለ ደግሞ ይተወው።”

 በዚያው ተኙ።

በሚቀጥሉት ቀናት ጌጤ አዳራሹን አጠበች፤ ክዳኑ የተነቀለውን ማደሪያ በላስቲክ ሸፈነች፤ ከጓሮዋ ጎመን ለቀመች፤ የገብስ ዱቄቷን አዘጋጀች። ዳቦ ሊጋግሩላትና ውሃ ሊቀዱላት ቃል የገቡ ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። አርብ ዕለት አንዷ ሆዷን አመማት፤ ሌላዋ ልጇን ላከችና መምጣት አልችልም አለች። ማን እንደከለከላቸው ለመጠየቅ ጌጤ አልደከመችም። ሊጡን ብቻዋን አቦካች፤ ውሃውንም ብቻዋን ቀዳች።

አንድ ነገር ብቻ ቀራት። ቅዳሜ ሴቶቹን ከክምር ድንጋይ ተቀብላ ተራራውን የምታስወጣው እሷ ናት፤ ድስቱን ማን ይጠብቅ? ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ይህን እያሰበች ስትወጣ ሙላቴ ከፊቷ ቀድሞ፣ እንጨት ተሸክሞ ወደ ሎጁ ሲወጣ አየችው። ወንድ ማድ ቤት ገብቶ ወጥ አማሰለ መባል በዚያ አገር ለዕድሜ ልክ መተረቻ ነው። ጌጤ ቁልፉን ሰጠችው። ሽሮው መቼ እንደሚወርድ፣ ጎመኑ መቼ እንደሚጣድ ብቻ ነግራው ወረደች።

ሚኒባሱ ከደብረ ታቦር ሲደርስ ስምንት ሴቶች ወረዱ። አንዳንዶቹ ሸራ ጫማ፣ አንዳንዶቹ የዝናብ ቦቲ አድርገዋል፤ ነጅሚያ ራሷን የምታክል ጥላ ይዛለች። ጌጤ ጥላውን አስቀረችው፤ ላይ ነፋሱ ይወስደዋል፤ አንቺንም አብሮ አለቻት። ከዚያ ዳገቱን ያዙ። መጀመሪያ በገብስ ማሳ መሐል፣ ቀጥሎ በአስታው ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ቀጥሎ ዛፍ በሌለበት በጓሳው ላይ። ጭቃው ጫማ ያወልቃል። እየወደቁ እየተነሱ፣ እየሳቁ ወጡ። ጌጤ ከፊት ሆና ቀስ ብላ ትራመዳለች፤ የሚቸኩል ቶሎ ይደክማል እያለች።

ከተረተሩ ሥር ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረና በረዶው ለቀቀው። መጠለያ የለም። ሴቶቹ ላስቲካቸውን ተከናንበው ጀርባቸውን ለነፋሱ ሰጡ። ሠናይት የምትባል ለዕረፍት ትምህርት ቤት የተዘጋላት አስተማሪ ነበረች፤ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። እዚህ ምን አመጣኝ፣ ቤቴ መልሱኝ አለች። ጌጤ ጋቢዋን አውልቃ ደረበችላት፤ ክንዷን ይዛም አስነሳቻት።

“ቁጭ ካልሽ ይበርድሻል፣ ልጄ። እያለቀስሽም ቢሆን ሂጂ።”

ሠናይት እያለቀሰች ሄደች። ተረተሩ ላይ ሲወጡ በረዶው አባራ፤ ደመናው ከሥራቸው ተሰነጠቀ። ደብረ ታቦር ከነቆርቆሮዋ ታየች፤ ከርቀት አንድ የሚያብለጨልጭ መስመር ነበር፤ ነጅሚያ ጣና ነው ብላ ማለች። ጅብራዎቹ በረዶ እንደ ተሸከሙ ዙሪያቸውን ቆመዋል።  ከዚያ ነጅሚያ ወደ ከተማው አቅጣጫ ዞረች፤ በር ላይ ቆመው ይስቁባት የነበሩትን ወንዶች አንድ በአንድ በስም እየጠራች ሰደበቻቸው። ሠናይት እንኳ ሳቀች።

ወደ ሎጁ ሲወርዱ ጌጤ ከሩቅ አህዮች አየች። ደጃፉ ላይ ጆንያ የተጫኑ አህዮች ቆመዋል፤ በላይነህና ሁለት ጫኞች አሉ፤ አቶ ጥላዬ ካቡ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ መሐል ላይ ደግሞ ሙላቴ ቆሟል። በእጁ ማማሰያ ይዟል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ግን ቆሟል። ኋላ እንደተነገራት፣ በላይነህ ሲመጣ ሙላቴ መጀመሪያ በትሕትና ለምኖታል፤ እምቢ ሲለው በሩ ላይ ቆሞ “ወጥ ጥጃለሁ፤ ሰው አላስገባም” ብሏል። አቶ ጥላዬ ቢገሥጹትም፣ ጫኞቹ ቢስቁበትም ያንኑ ከመደጋገም በቀር ሌላ ቃል አልወጣውም። ዝናቡ እነሱንም ድንቹንም አበስብሷቸዋል።

ጌጤ ስምንት የበሰበሱ ሴቶች አስከትላ ደረሰች። አቶ ጥላዬ ተነሱ። የሳቁት ጉባኤተኞች ሁሉ እዚያ ኖረው ይህን ቢያዩ ደስ ባላት ነበር፤ ግን ጊዜው የደስታ አልነበረም። በላይነህ ወደ እሷ መጥቶ ቤቱን ተከራይቻለሁ፣ ልቀቂልኝ አላት። ጌጤ እሱን ትታ አህዮቹ ዘንድ ሄደች። የፊተኛዋን አህያ ጆንያ ዳበሰችው፤ ገመዱን ፈታችና መሬት አወረደችው፤ ሁልጊዜ ወገቧ ላይ በምትሸጉጣት ማጭድ አፉን ቀደደችው። ድንቹ ደጃፉ ላይ ተዘረገፈ።

“ለእንግዳ ድንች ጎድሎኝ ነበር፣ በላይነህ” አለች። “እዚህ ድረስ ወጥተህ ታመጣልኛለህ ብዬ አላሰብኩም፤ እግዜር ይስጥልኝ። በጥቅምት ከማሳዬ ጆንያ ሙሉ ትወስዳለህ። ሌላውን ግን መልሰህ ጫነው፤ የበሰበሰ ድንች ቤት ውስጥ ከገባ እስከ መስቀል ይሸታል።”

በላይነህ ዞሮ ጆንያዎቹን አየ። የበሰበሰ ድንች እንደማይከማች ከማንም በላይ ያውቃል። ነጅሚያ ቦቲዋን ሳታወልቅ ቁጢጥ ብላ ድንቹን በቀሚሷ መሰብሰብ ጀመረች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። አንዷ ፋሲካ የምትባል ነርስ በላይነህን ቀና ብላ አየችና “ወንድሜ፣ ዝም ብለህ ከምትቆም ውሃ አቀብለን” አለችው። እሱ አላቀበለም። ከጫኞቹ አንዱ ግን ጀሪካኑን አንሥቶ ሄደ።

አቶ ጥላዬ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማኅበር የወሰነውን አንድ ሰው አያፈርስም አሉ። ጌጤ በሩ ላይ ከሙላቴ ጎን ቆመች።

“አያ ጥላዬ፣ በክረምት ሰው አይወጣም ብለው ነበር። እነዚህ ሰው አይደሉም?”

ሽማግሌው ሴቶቹን አንድ በአንድ አዩ።  በትራቸውን አንሥተው በዝናቡ ውስጥ ወረዱ።

ያን ቀን የተበላው ምግብ እንዲህ ነበር። የገብስ ዳቦ፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ከሁሉም በላይ የበላይነህ ድንች ተቀቅሎ በዳጣ። ሽሮው ትንሽ አሯል፤ ሙላቴ በሩ ላይ ቆሞ እሳቱን ማን ያየዋል። ማንም አላነሳውም። ልብሳቸው ምድጃው ዙሪያ ተሰቅሎ ይጨሳል፤ እነሱ በጌጤ ጋቢና ብርድ ልብስ ተጠቅልለው፣ መስቀል ያሰረችውና ሂጃብ ያደረገችው ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ከአንድ መሶብ በሉ። ሁለቱ ጫኞችም ጥግ ላይ ተሰጥቷቸው በሉ። በላይነህ ውጭ ከአህዮቹ ጋር ቆይቶ ቆይቶ፣ መጨረሻ ላይ ብርዱ አሸንፎት ገባና ዳር ላይ ተቀመጠ። የገዛ ድንቹን በላ። እንደ ጣፈጠው ሳይናገር ሁለተኛ ሲያነሳ ግን ጌጤ አየችው።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። በላይነህ ለሽማግሌ ከሰሳት። ሽማግሎቹ ጌጤን ጥፋተኛ አሏት፤ የሰው ጆንያ ቀድዳለችና ትካስ አሉ። አልተከራከረችም፤ በጥቅምት ካሰች። ስለ ቤቱ ግን ብዙ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ከኋላ ያሉት ማደሪያዎች ለድንች ይሁኑ፣ አዳራሹና ማድ ቤቱ ለጌጤ ይቅር ተባለ፤ ያውም ለአንድ ክረምት። ጌጤ ማደሪያዎቹን ማጣቷ ቆጭቷታል። እስካሁንም ይቆጫታል። በክረምት ተራራ ወጥቶ እዚያው አድሮ ማለዳውን ያየ እንግዳ እንድታገኝ ትመኝ ነበርና።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሁለት ሴቶች ብቻ መጡ፤ ነጅሚያና ሠናይት። የሌሎቹ እግር አብጦ ነበር፤ አንዷም ጉንፋን ይዟት ተኝታለች። መንደርተኛው ከሚኒባሱ የወረዱትን ቆጥሮ እርስ በርሱ ተያየ። ጌጤ ለስምንት ሰው ያበሰለችውን ለሁለት አቀረበች። “ይተርፋል” አለቻት ነጅሚያ። “ይትረፍ፤ ስትመጡ ባዶ ድስት ከምታገኙ” አለች ጌጤ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምስት ሆኑ። ጾሙ ሲፈታ የሥጋው ነገር መጣ፤ ጌጤ አላመነታችም፤ ሎጁ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የጾም ብቻ ነው የሚበላው ብላ ደነገገች። ሥጋ ያማረው በየቤቱ ይብላ። አንዳንድ ወንዶች ይህማ ምን ሎጅ ነው አሉ። እነሱም ግን መጥተው በልተዋል።

ዘንድሮ ከይፋግና ከአንበሳሜ ሳይቀር እየመጡ ነው። መምህራን፣ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች፣ ለጫማቸው እንደ ታቦት የሚጠነቀቁ የከተማ ወጣቶች። ጌጤ ሁሉንም ራሷ ታስወጣቸዋለች፤ ሙላቴ ምድጃውን ይጠብቃል። መተረቻ መሆኑ አልቀረለትም፤ ገበያ ሲወጣ “ወጥ ደረሰ ወይ?” ይሉታል። “ደርሷል፤ ና ቅመስ” ማለት ለምዷል። የነጅሚያ ስኳር ወርዷል፤ ሐኪሟ ምን አድርገሽ ነው ሲላት ጉናን ጠይቀው አለችው። በዚያ አርብ የቀሩት ሁለቱ ጎረቤቶቿም ዳቦ መጋገር ጀምረዋል። ጌጤ ያን አርብ አንድም ቀን አንሥታባቸው አታውቅም።

አቶ ጥላዬ ግን እስከ ዛሬ እሷ ካለችበት አዳራሽ አልገቡም። ስብሰባ ሲኖር የሎጁ ነገር ይነሣል፤ ማደሪያዎቹ ዘንድሮም ለድንች ይሰጡ ይላሉ፤ ጌጤ አይሆንም ትላለች፤ ነገሩ ሳይቆረጥ ይበተናል። ባለፈው እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ጌጤ እንደ ልማዷ ዝቅ ብላ ሰላም አለቻቸው። ሽማግሌው ሰላምታውን ተቀብለው ሊያልፉ ካሉ በኋላ ቆሙ።

“ይኸ ያንቺ እምቢታ እስከ መቼ ነው?” አሏት። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የእውነት ሊያውቁ የፈለጉ ይመስሉ ነበር።

“ጉልበቴ እስካለ በእግሬ፣ ጉልበቴ ሲከዳኝ በበቅሎ” አለች ጌጤ። “ማደሪያዎቹንም እወስዳለሁ፣ አያ ጥላዬ። አንቱም አንድ ቅዳሜ ቢመጡ ገበታው አይጠብም።”

አቶ ጥላዬ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከውስጥ ቅዳሴው ተጀምሮ የካህናቱ ድምፅ ይሰማ ነበርና እሳቸው በወንዶች በኩል ሄዱ። ጌጤም ነጠላዋን አጣፍታ በሴቶች በር ገባች።